መቻራ ላይ ያበደርኳት እህቴ

ረቡዕ፤ ከአዲስ አበባ ጭሮ

እስካለፈው ወር ድረስ የሐረርጌዋን መቻራ የማውቀው በስልክ ብቻ ነበር። ታናሽ እህቴ ሰብለ እዚያ አዋላጅ ነርስ ሆና ተመድባ ትሠራለች። በደወለች ቁጥር እናቴ ስልኩን ትዘጋና «ዛሬም እዚያ ዝናብ ነው» ትለናለች፣ ዝናቡን በዓይኗ ያየች ይመስል። እኔ ኮተቤ ተወልጄ ኮተቤ ያደግሁ፣ ከአዋሽ ወዲያ አገር መኖሩን በካርታ ብቻ የማምን ሰው ነኝ። የጉዞ ነገር ሲነሳ ወገቤን ያመኛል።

ታዲያ ምን አስነሳህ ብትሉኝ፣ ደመወዝ ነው። ብር በገበያ ዋጋ ይተመን ከተባለ ወዲህ ዘይቱም ሳሙናውም የቤት ኪራዩም ወደ ላይ ሲወጣ የሰብለ ደመወዝ ግን የፈላ ውኃ እንደነካው ሹራብ ተሰበሰበ። አንድ ቀን ለእናቴ ደውላ «በቃኝ፣ ሥራውን ልለቅ ነው» አለቻት። እናቴ ይህን ስትሰማ ሐሳቧን እንዳትቀይር ቸኮለችና እኔን ጠራችኝ። «ሂድና እህትህን ከነዕቃዋ ይዘህልኝ ና።» ለዕቃዋ ትልቅ ባዶ ሻንጣ፣ ለመንገድ ደግሞ በሶና ቆሎ አስያዘችኝ።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ልጨምር፣ ያለ እሱ ታሪኩ አይገባም። ሥራዬ ትርጉም ነው። አገራችን ከውጭ ስትበደር ውሉ በእንግሊዝኛ ይመጣል፤ በአማርኛ ከሚያዘጋጁት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። «ተበዳሪው ግዴታ ይገባል» የሚለውን ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት እኔና ወገቤ እናውቃለን። አንድ ብር ተበድሬ ለመንግሥት አላመጣሁም፣ አንድ ብርም አልከፈልኩም። ይህን ግን በመንገዴ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ማስረዳት አልቻልኩም።

መናኸሪያ ስደርስ ገና አልነጋም ነበር። ረዳቱ «ጭሮ! ጭሮ!» እያለ ይጮኻል። ከፊቴ የቆሙ ሽማግሌ በከተማዋ የድሮ ስም «እኔ አሰበ ነው የምሄደው» አሉት። «እሱው ነው አባባ፣ ይግቡ» አላቸው። «እሱው ከሆነ ለምን በስሙ አትጠራውም?» ብለው እየተቆጡ ገቡ። የእኔ ተራ ሲደርስ ሻንጣዬን ጣራ ላይ ለመጫን ሒሳብ ጠየቀኝ።

«ባዶ እኮ ነው» አልኩት።

አነሳው፣ ነቀነቀው፣ ሳቀ። «ባዶም ቢሆን ቦታ ይይዛል ወንድሜ» አለና አስከፈለኝ። ክርክሩን የተሸነፍኩት በትክክለኛ ነገር ስለሆነ ብዙም አልከፋኝም።

አጠገቤ የተቀመጠችው ፈቲያ የምትባል የጫት ነጋዴ ናት። ጫቷን አዲስ አበባ አራግፋ ወደ ጭሮ ቤቷ የምትመለስ፣ ሳቂታ፣ ሁለት ስልክ የያዘች ሴት። አዳማን እንዳለፍን ሾፌሩ ስለ ነዳጅ ማማረር ጀመረ። ከኋላ አንዱ «አበዳሪዎቹ ናቸው እንዲህ ያደረጉን፣ ድጎማውን አንሱ ብለው» አለ። ሌላው «እነሱ ምን ያድርጉ፣ ለምነን ሄደን» አለው። አውቶቡሱ ለሁለት ተከፈለ። የእኛ ሰፈር ታክሲ ውስጥ ስለ ኑሮ ሲወራ ሰው ዝም ብሎ መስኮት ያያል፤ የሐረርጌ መንገደኛ ግን ዝም የሚል አይደለም። ፈቲያ ድምጿን ከፍ አደረገች።

«ወላሂ፣ እኔ ስንት ዓመት ጫት በዱቤ ሰጥቻለሁ። ዱቤ የወሰደ ሰው ቤት ገብቼ፣ ድስቱን ከፍቼ፣ ‹ወጥህን አቅጥነው፣ ልጆችህ ብዙ በሉ› ብዬ አላውቅም። ዱቤዬን እጠይቃለሁ፣ አለቀ። እነዚህ ሰዎች የሰው ማጀት ውስጥ ምን ይሠራሉ?»

አውቶቡሱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አፌ አላርፍ አለና «እነሱ ማጀት አይሉትም፣ የወጪ ማስተካከያ ነው የሚሉት፤ ውሉን የምተረጉመው እኔ ነኝ» አልኩ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ስሜ መስፍን መሆኑ ቀረና የብድሩ ሰውዬ ሆንኩ። ረዳቱ ሳይቀር «የብድሩ ሰውዬ፣ እግርህን ሰብስብ» ይለኝ ጀመር።

አዋሽ ላይ ሙቀቱ ከሰው ጋር ይጣላል። ሚኤሶ አጠገብ ጎማ ፈነዳና ሁላችንም ወረድን። ሴቶች የግመል ወተት ይሸጡ ነበር፤ ፈቲያ «ሆድህ ካላወቀው ትንሽ ቅመስ» ብላኝ ነበር። እኔ ግን ወንድነቴ የተነካ መሰለኝና ጠርሙሱን ጨረስኩት። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ በዝርዝር ባልጽፈው ይሻላል። ሾፌሩ ለእኔ ብሎ ሁለቴ ቆሟል፣ እግዚአብሔር ይስጠው። ፈቲያ ሎሚ በጨው አድርጋ እያስላሰችኝ፣ ለማላውቃቸው ሰዎች በኦሮምኛ እያወራችልኝ፣ እነሱም እየሳቁ እያዘኑልኝ ጭሮ ደረስን።

ጭሮ ተራራ ላይ የተንጠለጠለች ከተማ ናት፤ ከአዋሽ ምድጃ ለወጣ ሰው ነፋሷ መድኃኒት ነው። ባጃጆቹ ዳገቱን ሲወጡ ያቃስታሉ፤ በእኛ አገር ቢሆን ገና መንገዱ ግማሽ ላይ ተሳፋሪውን ያወርዱት ነበር። ፈቲያ የእህቷን ልጅ ጀማልን ጠራችልኝና እሱ በባጃጁ ፔንሲዮን አደረሰኝ። ፔንሲዮኑ አልጋ አለው፣ ቴሌቪዥን አለው፣ ውኃ የለውም። ጀማል ይህን ሲያይ ሄደና በጀሪካን ውኃ ይዞ ተመለሰ። ልከፍለው ስል «አቦ ተወው! ብድር እንዳታስለምደኝ» አለኝ። የእኔን ሥራ ከአክስቱ ሰምቷል።

ሐሙስ፤ ከጭሮ መቻራ

ጠዋት ሆዴ ታረቀኝ። ጀማል ትኩስ ፈጢራ በማርና በእንቁላል ጋበዘኝ፤ እኛ ሰፈር በዚህ ሰዓት የሚገኘው ትናንት ያደረ ቦንቦሊኖ ነው። ከዚያ ቅጥቅጥ ላይ አሳፍሮኝ ለረዳቱ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገረ። ረዳቱ ዞሮ አየኝና ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ስሜ ቀድሞኝ ተሳፍሯል ማለት ነው።

በዴሳን አልፈን ገለምሶ ምሳ በላን፤ ሩዝ በፍየል ሥጋ። ከገለምሶ ወዲያ መንገዱ መንገድ መሆኑን አንዳንዴ ይረሳዋል። ጭንቅላቴ ጣራውን እየመታ፣ ጣራው ጭንቅላቴን እየመለሰ፣ በቡና ተክል መካከል ተጓዝን። አንድ ቦታ ላይ ሁላችንም ወርደን መኪናውን ገፋን፤ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀርቶ እግሬ ብቻውን ወጣ። አብሮን የተሳፈረ አንድ ገበሬ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወጣልኝ፣ በቅጠል ጠረገልኝ፣ «የብድሩ ሰውዬ፣ ለዚህች መንገድም ተበደርላት እንጂ» አለኝ። በጭቃ ተነክሮ መከራከር ስለማያምር አመስግኜ ጫማዬን አጠለቅሁ።

ሰብለ መናኸሪያ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ከስታለች፣ ጠይማለች፣ ሳቋ ግን ያው ነው። ባዶውን ሻንጣ ስታይ «እማዬ ቸኩላለች» አለች። ከመናኸሪያው እስከ ቤቷ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ እኛ ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ ደረስን። እያንዳንዷ ሴት ታስቆማታለች። አንዷ ሕፃን ታሳያታለች፣ አንዷ ሆዷን ታስነካታለች፣ አንዷ ምንም ጉዳይ የላትም፣ እጇን ይዛ ብቻ ትቆማለች። ኮተቤ ውስጥ እኔን አስቁሞ እጄን የሚይዘኝ ዱቤ ያለብኝ ባለሱቅ ነው።

የቤት አከራይዋ አዴ ፋጡማ ይባላሉ፤ ሰብለ እናቷ እንደሆኑ ሁሉ ትቆጣቸዋለች፣ እሳቸውም ይቆጧታል። የማሽላ እንጀራ አቀረቡልን፤ ወፍራም፣ ቀይ፣ ጣፋጭ። ከዚያ ሆጃ አመጡ፤ የቡና ገለባ በወተት የፈላ ነው። እኛ ገለባውን ጥለን ፍሬውን እንጠጣለን፤ እነሱ ፍሬውን ሸጠው በገለባው ይኮራሉ። አዴ ፋጡማ «ፍሬውን ፈረንጅ ይጠጣው፣ ልቡ የቀረው እዚህ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ሦስት ስኒ ጠጣሁ።

መሸት ሲል ሰብለ የምትሠራበትን ጤና ጣቢያ አሳየችኝ። ከሩቅ ቀበሌ የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች የሚያርፉበት የእናቶች ማቆያ ግቢው ውስጥ ተጀምሮ ቆሟል። ግድግዳው አለ፣ ጣራው የለም፣ መሐሉ ላይ ሣር በቅሏል። ከፊት ለፊቱ «በብድር በተገኘ ገንዘብ የሚሠራ» የሚል ሰሌዳ ተተክሏል። ቀሪው ገንዘብ የሚለቀቀው አንድ ሁኔታ ሲሟላ ነው ተብሏል፤ የትኛው ሁኔታ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው መቻራ ውስጥ አልተገኘም። እንዲህ ያለውን አንቀጽ እኔ ስንት ጊዜ ተርጉሜዋለሁ። የዚህኛው ውል እኔ እጅ ላይ አልፎ ይሁን አይሁን አላስታውስም፤ አለማስታወሴ ግን አሳፈረኝ።

«እናቶቹስ የት ነው የሚያርፉት?» አልኳት።

«በረንዳ ላይ። ወይም አያርፉም፣ ቤታቸው ይቆዩና ምጥ ሲከፋ ይመጣሉ» አለች። ቀጥላም «አታባብለኝ መስፍኔ፣ ወስኛለሁ። በዚህ ደመወዝ ለሻምፖ እንኳ እየተበደርኩ መኖር ሰለቸኝ» አለችኝ። እኔ ላባብላት አልመጣሁም፣ ልወስዳት ነው የመጣሁት። እሷ ግን ለማን እንደምትመልስ እኔ እንጃ።

ዓርብ፤ መቻራ

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሰብለ የያዘችውን ዕቃና መዝገብ ለማስረከብ ጤና ጣቢያ ሄዳ ነበር። እኔ አዴ ፋጡማ ግቢ ከዛፍ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። ጥቂት ሽማግሌዎች ገቡ። የፊተኛው ሐጂ ኢብሮ ይባላሉ፤ የገበሬውን ቡና ሰብስበው የሚሸጡ፣ ጺማቸው በሒና የቀላ፣ በዝግታ የሚራመዱ ሰው ናቸው። በእጃቸው በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ጫት ይዘዋል።

«አሰላሙ አለይኩም» ተባባልን። ተነሣሁ። ሐጂ ኢብሮ ጥቅሉን በሁለት እጃቸው ዘረጉልኝ። ሁሉም እጄን ያያሉ። በእኛ ሰፈር እንግዳ የሰጡትን አይመልስም፣ ነውር ነው። እኔም ወገቤን ሰበር አድርጌ በሁለት እጄ ተቀበልኩ። «አልሐምዱሊላህ!» አሉ። ደስታቸው ልቤን ነካው፣ ትንሽ ልጨምርላቸው ፈለግሁ። ጥቅሉን ፈታሁ፣ አንድ ለጋ ቀንበጥ ቀነጠስኩ፣ አፌ ውስጥ ከተትኩ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ወዲህ ቅሜ አላውቅም። ሽማግሌዎቹ መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፣ እኔም «አሚን» አልኩ። እንዲህ ያለ እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ የት ይገኛል እያልኩ ነበር በልቤ።

ተቀመጥን። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቡናው ዋጋ፣ ስለ እናቴ ጤንነት ተጠያየቅን። ከዚያ ሐጂ ኢብሮ ወደ ዋናው ገቡ፤ ቢያንስ ዋናው እሱ መስሎኝ ነበር።

«የብድሩ ሰው አንተ ነህ አሉ።»

«አይ አባቴ፣ እኔ የምተረጉም ብቻ ነኝ።»

«የሚተረጉም ያነባል፣ ያነበበ ያውቃል። እስቲ ንገረን፣ ሰዎቹ ሲያበድሩ ወለድ ይበላሉ?»

«ይበላሉ። ለድሃ አገር ትንሽ ነው ይላሉ እንጂ።»

«አስተግፊሩላህ! ትንሽ አሳማም አሳማ ነው ልጄ» አሉ፤ ሽማግሌዎቹ በሳቅ ተንፈቀፈቁ።

«የእፎይታ ጊዜ ግን ይሰጣሉ፣ እሱ እስኪያልቅ ክፍያ የለም» አልኩ። ለምን እንደምከላከልላቸው እኔም አላውቅም፤ እንጀራዬ ስለሆነ ይሆናል።

«እፎይታው ሲያልቅ ዝናብ ቢቀርስ?»

«ውሉ ላይ ዝናብ የለም አባቴ።»

ሐጂ ኢብሮ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እዚህ ገበሬ ከእኔ ሲበደር ቡናው ሲደርስ ይመልሳል። ቡናው ካልደረሰ እኔም ከእሱ ጋር ቁጭ ብዬ ሰማይ አያለሁ። እነዚያ ሰዎች የማንን ሰማይ ነው የሚያዩት? ከሰው ጋር ያልጠበቀ አበዳሪ፣ አበዳሪ አይባልም።» ይህን ሲሉ ቀልዱ ከፊታቸው ጠፋ። ቀጥለው እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ። «አንተ ግን ደህና ሰው ነህ። ሰብለን ስላበደርከን አላህ ያክብርህ፣ ያክብርልህ።»

ማላመጤን አቆምኩ። «ምን አሉኝ?»

አዴ ፋጡማ በር ላይ ቆመው አፋቸውን በሻሻቸው ይዘው ይስቃሉ። «ወይ ልጄ!» አሉኝ፤ «ሽማግሌ ጫት ይዞ ከመጣ ጉዳይ ይዞ ነው የሚመጣው። ልጅ ለመጠየቅ ቢሆን፣ ለእርቅ ቢሆን፣ ጫቱን ከተቀበልክ ጉዳዩን ተቀበልክ። ያልፈለገ ሰው ምንጣፉ ላይ ይተወዋል፣ ማንም አይቀየመውም። ሰብለን ተውልን ሊሉህ ነው የመጡት። አንተ እኮ ተቀብለህ አልበቃህም፣ ቃምክበት!»

የእኔን ሁኔታ አስቡት። ቢሮ ውስጥ «ሳታነቡ አትፈርሙ» እያልኩ አለቆቼን የማሰለች ሰው፣ መቻራ መጥቼ ሳላነብ በጥርሴ ፈረምኩ። ጥቅሉን መልሼ አሰርኩና ለሐጂ ኢብሮ ዘረጋሁላቸው። ተቀንጥሶ የጎደለውን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «የተቃመ ጫት ይመለሳል እንዴ?» አሉ በጣም በትሕትና።

«አባቴ፣ እናቴ ልጇን እየጠበቀች ነው» አልኳቸው።

ሐጂ ኢብሮ ጥቅሉን በመዳፋቸው ወደ እኔ መለሱት። «ሰብለ ከመምጣቷ በፊት የልጄን ሚስት በቃሬዛ ተሸክመን ገለምሶ ስንወስድ መንገድ ላይ ቀረችብን። ሕፃኑም አልተረፈ። ሰብለ ከመጣች ወዲህ ግን ያን ቃሬዛ ለምጥ አላወጣነውም። ለዚህ ነው ልጄ። ወደን አይደለም ሰው የምንበደረው።»

የእናቴ ፊትና ያ ቃሬዛ በአንድ ጊዜ ታዩኝ። በዚህ መሐል ሰብለ የግቢውን በር ከፍታ ገባች። ምንጣፉን አየች፣ ተፈቶ የታሰረውን ጥቅል አየች፣ የእኔን ጉንጭ አየች። ሐረርጌ ከርማለችና ማንም ሳያስረዳት ገባት።

«ማን ነው ያበደረኝ?» አለች። ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ አዩ። «መስፍን፣ አንተ ነህ? እኔ መጥረቢያ ነኝ ለጎረቤት የምታውሰኝ?»

«ሳላውቅ ነው፣ ወግ መስሎኝ…»

«ሳታውቅ!» አለች። እንዲህ ተናዳ አይቻት አላውቅም። «ያ ወረቀትህ ላይ ‹በሕዝቡ ስም› እያልክ ትጽፋለህ። ሕዝቡን ሄደው ሲጠይቁት አይተህ ታውቃለህ? እንግዲህ እኔም ዛሬ ሕዝብ ሆንኩ። በሌለሁበት ተበድራችሁ፣ በሌለሁበት አበድራችሁ፣ ከፋይዋ እኔ!»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያን ሁሉ ዓመት ስተረጉም ያላየሁትን ያን ጊዜ አየሁት። ያቺ ሐረግ ሁልጊዜ መግቢያው ላይ ናት፣ ሳላስብ ነው የምጽፋት።

«እውነቷን ነው» አሉ ሐጂ ኢብሮ ለሽማግሌዎቹ። ወደ እሷ ዞረው «ልጄ፣ አጥፍተናል። ጫቱን መስጠት የነበረብን ለአንቺ ነው» አሏት።

«እኔ ደግሞ አልቅምም አባባ» አለች። ሳቅ ሆነ፤ እሷም ሳትወድ ፈገግ አለች። ወዲያው ግን ጣቷን ቀሰረች። «ሴቶቹስ የታሉ? የምትወልዱት እናንተ ናችሁ? ስለ ምጥ ሊነጋገር የመጣው ሁሉ ጺም ያለው ነው!»

አዴ ፋጡማ ይህን ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። አንድ ስኒ ሆጃ ሳይቀዘቅዝ ግቢው በሴቶች ሞላ። ወንዶቹ ወደ አጥሩ ተገፉ፣ እኔም ከነጉንጬ አጥሩ ጋ ሄድኩ። ክርክሩ በኦሮምኛ ስለነበር ሐጂ ኢብሮ ለእኔ ይተረጉሙልኝ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የትርጉም ተጠቃሚ ሆንኩ፤ ደስ ይላል።

ሰብለ ለመቆየት የምትጠይቃቸውን ቅድመ ሁኔታዎች አስቀመጠች። የእናቶች ማቆያው ክረምት ሳይገባ ጣራ ይመታለት። አንዱ ሽማግሌ «የፕሮጀክት ንብረት ነው፣ እንዴት እንነካዋለን?» አሉ። «ዕዳው ሲመጣ የማን ነው?» አለቻቸው። «የእኛ» አሉ። «ዕዳው ካላስፈራዎት ጣራው ምን ያስፈራዎታል?» ሴቶቹ እልል አሉ። ሁለተኛ፣ ባል ሚስቱን ምጥ ሳይጀምራት ያምጣ፤ ይህም በመስጊድ ይነገር። ሐጂ ኢብሮ ራሳቸው እናገራለሁ ብለው ቃል ገቡ። የቤት ኪራዩን ነገር እሷ አላነሳችም። ያነሱት ሴቶቹ ናቸው፤ አፎሻቸው፣ ማለትም ለሐዘንና ለደስታ የሚረዳዱበት ማኅበራቸው፣ ይሸፍነዋል አሉ። ሰብለ አልቀበልም አለች፣ ሴቶቹ ጮኹባት፣ እሷም ጮኸችባቸው። በመጨረሻ አዴ ፋጡማ «ኪራዩን የምቀበለው እኔ፣ የሚከፍለው እኔ ያለሁበት አፎሻ፣ አንቺ ምን አገባሽ?» አሏትና ተሸነፈች።

«እስከ መስከረም እቆያለሁ» አለች። «ከዚያ በኋላ እኔ አያለሁ። የሚያበድረኝም የሚያስመልሰኝም የለም።»

ሁሉም «አሚን» አሉ፤ ዱዓ ሳይሆን ውል መሆኑን ግን ሁሉም ያውቃል።

ቅዳሜ፤ መቻራ

ጠዋት በጩኸት ነቃሁ። ጉዛ ወጥቷል፤ እኛ ደቦ የምንለው ነው። ባሕር ዛፍ በትከሻ፣ ቆርቆሮ በአህያ፣ ሚስማር በኮፊያ ሙሉ ይመጣል። በእኛ ሰፈር የቦይ ክዳን ለመቀየር ኮሚቴ ይቋቋማል፤ እዚህ ሐጂ ኢብሮ ፈጢራ ይዘው ግድግዳው ላይ ተቀምጠው ይጮኻሉ፣ ሥራው ይሄዳል። እኔም ልረዳ ብዬ አንድ ግንድ አነሳሁ። ግንዱ ወደ ግራ፣ እኔ ወደ ቀኝ፣ የሰሌዳው እግር ላይ ወደቅን። ሰሌዳው ዘመመ። ማንም አላቃናውም።

«የብድሩ ሰውዬ፣ አንተ ቁጭ ብለህ ተርጉም» ብለው ከሥራ አሰናበቱኝ። ሰብለ መዳፌ ውስጥ የገባውን ስንጥር በመርፌ እያወጣች «ለእማዬ አንተ ነህ የምትነግራት» አለችኝ። «የፈረምከው አንተ ነህ።»

እሁድና ሰኞ፤ መልስ

ባዶ የመጣው ሻንጣ ሞልቶ ተመለሰ። ቡና ከነገለባው፣ ማሽላ፣ ማር፣ ለእናቴ የተጠለፈ ሻሽ፣ ማን እንዳስቀመጠው ያላወቅሁት ሎሚ። እስከ ጭሮ የሄድኩት በሐጂ ኢብሮ ቡና ጫኝ አይሱዙ ነው። ሾፌሩ ኩርባ ሲመጣ ፍጥነት ይጨምራል፤ «ጫት ስጭን የለመድኩት ነው፣ ጫት አይጠብቅም» አለኝ። «ቡና ይጠብቃል እኮ» ብለው «እግሬ ግን አያውቅም» አለኝ። የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨርሼ አንዳንዱን ደገምኩት። ጭሮ ላይ ፈቲያ ታሪኩን ሰምታ ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ ከሳቋም መሐል «ልጅቷ ግን አስተማረቻችሁ» አለች።

እስከ አዲስ አበባ ለእናቴ የምነግራትን አማርኛ ሳስተካክል ሄድኩ። ስንት ከባድ አንቀጽ ያቀናሁ ሰው ይህን ማቅናት አቃተኝ። ቤት ስደርስ እናቴ በር ላይ ቆማ ሻንጣውን አየች፣ ከኋላዬ አየች፣ መንገዱን አየች።

«ልጄስ?»

ሁሉንም ነገርኳት። ጫቱን፣ ቃሬዛውን፣ ጣራውን፣ ሴቶቹን። ጫቱ ጋ ስደርስ ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። ቃሬዛው ጋ ስደርስ አማተበች። ስጨርስ ሻሹን ከሻንጣው አውጥታ ጭኗ ላይ ዘርግታ ጥልፉን በጣቷ ስትከተል ቆየች።

«ሽማግሌዎቹ ጠየቁ፣ ሴቶቹ ተጠየቁ፣ እሷም በኋላ ተጠየቀች» አለች። «እኔን ማን ጠየቀኝ?»

ስልኬን አውጥቼ ሰብለ ጋ ደወልኩና ሰጠኋት። ሰብለ ስታነሳ እናቴ ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም።

«እሺ፣ በይ» አለቻት፤ «አሁን ጠይቂኝ።»